የዘበኛው ቃልና የድምፃዊቷ ጩኸት
ስለ «የጨረቃ ጨለማ ገጽ» ሂሳዊ ዳሰሳ

ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ጓድ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ያወጣውን፣ ስሙንም «የጨረቃ ጨለማ ገጽ» ብሎ የሰየመውን ሸክላ ብዙዎች የሚያመሰግኑት ስለ መሣሪያው ረቂቅነትና ስለ ቀረጻው ጥንቃቄ ነው፤ ምስጋናውም የሚገባ ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቍጥር ልቤ የሚያርፈው ተለክቶና ተመዝኖ በተሠራው ላይ ሳይሆን፣ እነዚያ ጠንቃቆች ባለሙያዎች በራቸውን ከፍተው ባስገቧቸው፣ አስቀድሞ ምንም ባልተጻፈላቸው በሁለት ሰዎች ድምፅ ላይ ነው፤ የሥራውም ሕይወት ከዚያ የመነጨ ይመስለኛል።

ሮጀር ዋተርስ፣ ዴቪድ ጊልሞር፣ ሪቻርድ ራይትና ኒክ ሜሰን ይህን ድርሰት ሲጀምሩ፣ የጓዱ የመጀመሪያ መሪ ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ በ1968 ከተለያቸው ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበርና፣ የእብደት ነገር ለእነርሱ ከመጽሐፍ የቀሰሙት ርእስ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩት ኀዘን ነበረ። ግጥሞቹን ሁሉ የጻፈው ዋተርስ ጊዜን፣ ገንዘብን፣ ሞትንና የአእምሮን መናወጥ በአንድ ክር አሰራቸው፤ መጽሐፈ መክብብን ላነበበ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም። ድርሰቱን ከመቅረጻቸው በፊት በ1972 ከጥር ወር ጀምሮ በየከተማው በሕዝብ ፊት እየተጫወቱ አረሙት፤ በብራይተን የመጀመሪያው ምሽት ግን መሣሪያው ታውኮባቸው በመካከሉ ተቋርጧል።

በለንደን በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲቀርጹ፣ «ገንዘብ» ለተባለው ዜማ የሳንቲምን መንኳኳት፣ የወረቀትን መቀደድና የሱቅ ሒሳብ መኪናን ድምፅ የቀዱበትን ቴፕ በማስመሪያ ለክተው ቈራረጡና፣ ጫፉን ከጫፉ ገጥመው እንደ ቀለበት ቢያዞሩት ሰባት ምት ያለው ዑደት ሆነላቸው። በ«ጊዜ» መግቢያ የሚጮኹትንም ሰዓቶች የድምፅ መሐንዲሱ አላን ፓርሰንስ ከአሮጌ ሰዓቶች ሱቅ አንድ በአንድ የቀዳቸው ናቸው። የጥንቃቄያቸው ልክ ይህን ያህል ነበረ።

ዋተርስ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ጠብ፣ ስለ እብደትና ስለ ሞት የሚጠይቁ ጥያቄዎችን በካርዶች ጽፎ፣ በስቱዲዮው ያገኘውን ሰው ሁሉ ብቻውን እያስቀመጠ መልሱን ቀዳ። ስመ ጥሩው ፖል ማካርትኒ ተጠይቆ ነበር፤ መልሱ ግን ጥንቃቄ የበዛበት ሆኖ ስለ ተገኘ ቀረ። ከተመረጡት አንዱ የስቱዲዮው ዘበኛ፣ አየርላንዳዊው ጄሪ ኦድሪስኮል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አጻዌ ኆኅት የሚሉት ዓይነት፣ ደጅ የሚጠብቅ ሰው። «ታላቁ የሰማይ ትርኢት» የተባለው ዜማ ሲጀምር ሞት እንደማያስፈራው በጸጥታ የሚናገረው እርሱ ነው፤ በሸክላው መጨረሻም ስለ ጨረቃ የሚሰጠው አስተያየት የሸክላውን ስም የሚሽር ሆኖ ሳለ፣ ደራስያኑ ሳያርሙት የመጨረሻ ቃላቸው አደረጉት። ይህን ማድረጋቸው ከማናቸውም የቴፕ ጥበብ ይልቅ የሚያስደንቅ ይመስለኛል፤ ድርሰቱ በገዛ ቤቱ ውስጥ የሚቃወመውን ሰው ችሎ ይዞአልና።

በዚያው ዜማ የዘበኛውን ጸጥታ የሚመልስለት የአንዲት ሴት ጩኸት ነው። ክሌር ቶሪ የተባለች የ25 ዓመት ድምፃዊት በጥር ወር 1973 በአንድ እሑድ ተጠርታ መጣች፤ የቀረበላት ግን ራይት በፒያኖ የደረሰው የኅብረ ድምፅ ቅደም ተከተል ብቻ ነበረ፤ ግጥም የለው፣ ዜማ የለው። እንደ ልማድዋ ቃል ብትጨምርበት ቃል እንደማይፈልጉ ነገሩዋት፤ እርስዋም ድምፅዋን እንደ አንድ መሣሪያ ለመቍጠር ቈረጠች። ከዚያ በኋላ የሰማነው ሁሉ፣ መጀመሪያ ሰማይ ጠቀስ ሆኖ ሲወጣ፣ ኋላም ዝሎ ወደ ሹክሹክታ ሲወርድ፣ የእርስዋ ፈጠራ ነው። ሞትን አልፈራም ካለው ዘበኛ አጠገብ ሥጋና ነፍስ ሲለያዩ የሚሰማ የሚመስለውን ይህን ጩኸት ማቆም፣ በእኔ አስተያየት የሸክላው ሁሉ ምሥጢር ነው፤ ማንኛቸው እውነት እንደ ተናገሩ አይነግረንም፤ ሁለቱንም ያሰማናል እንጂ። ለዕለቱ ድካምዋ የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበረ።

የሸክላውን ዕድል ሁሉ ያውቀዋል፤ በአሜሪካ የቢልቦርድ መዝገብ አንደኛ ሆኖ የቆየው ለአንድ ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ ከ1973 እስከ 1988 በዚያው መዝገብ 741 ሳምንታት ተቀምጦአል። ስለ ገንዘብ ፍቅር አጥብቆ የሚወቅሰው ሸክላ ባለቤቶቹን እጅግ ባለጸጎች ሲያደርግ፣ ዜማውን በጉሮሮዋ የፈጠረችው ሴት ግን በአስፈጻሚነት እንጂ በደራሲነት ሳትቈጠር ከ30 ዓመት በላይ ቆየች፤ ይህን ሳስብ ለሥራው ያለኝ ፍቅር ባይቀንስም ልቤ ያዝናል። በ2004 ለፍርድ አቤት ብላ፣ ነገሩ በ2005 ከችሎት ውጭ በስምምነት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ በታተሙት ቅጂዎችም የድምፁ ድርሰት የክሌር ቶሪ እንደ ሆነ ከራይት ስም ጋራ ተጽፎ ይነበባል።