ሊማሊሞን የሚያወጣው የትኛው ማርሽ ነው?

ሺማኖ፣ ስራም ወይስ ካምፓኞሎ? የብስክሌት ወዳጆች ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ መቀየሪያው ነው። ልዩነት አለ። በሽቦ በሚሠሩት ላይ የጃፓኑ ሺማኖ የፍሬን እጀታውን ራሱን ወደ ውስጥ ያስገፋል። የአሜሪካው ስራም ባለ አንድ ምላስ ነው፤ ትንሽ ሲገፉት ወደ አንዱ፣ ረዘም ሲያደርጉት ወደ ሌላው ይቀይራል። የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ለአውራ ጣት የብቻዋ ቁልፍ አለው። እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ በደባርቅ ብርድ ጓንት ያደረገ እጅ አይምታታበትም።

ግን ከዛሪማ ተነሥታችሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ስትወጡ የሚያድናችሁ የጥርስ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ካለ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው 1.56 ጊዜ ይዞራል፤ ብስክሌቱ 3.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በደቂቃ 41 ዙር ብቻ ትረግጣላችሁ ማለት ነው። እያንዳንዱ ዙር ጉልበት ሰባሪ! 34 በ34 ሲሆን ግን በዚያው ፍጥነት 63 ዙር ይሆናል፤ እግር ይፎይላል።

የሚገርመው፣ 34 በ34ን ውዱ ዱራ ኤስም፣ ዋጋው ዝቅ ያለው ባለ 10 ማርሹ ቲያግራም ይሰጣሉ። ሁለቱም የሺማኖ ናቸው። የቲያግራ ዝላይ ሰፋ ይላል፤ ዳገት ላይ ማን ልብ ይለዋል? የስራም ኤሌክትሪክ 33 በ36ንም ይሰጣል፤ የኋላው ባትሪ ካለቀም የፊቱን ነቅሎ መተካት ይቻላል። ብልሃት ነው። ሁለቱም ካለቁስ? የተበጠሰ ሽቦ መቀየር ለጎንደር ሳይክል ሠሪ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ለዚህ መንገድ ቲያግራ ይበቃል።

የድሮውን ብስክሌት የኋላ ጥርስ ብቻ በ34 ልቀይር የሚል ካለ አስቀድሞ የኋላ መቀየሪያውን ክንድ ይይ፦ አጭሩ አይችለውም።