ትርጉምና ልምድ፤ የፕራግማቲዝም ፍልስፍና በአርሲ ሲንቄ ሲመዘን

ፕራግማቲዝም የተባለው ፍልስፍና፥ የአንድ ሐሳብ ትርጉም ከሐሳቡ በሚከተለው ተግባራዊ ውጤት ይታወቃል ይላል። አሜሪካዊው ቻርልስ ፐርስ ይህን መመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ሲያስረዳ አልማዝን ምሳሌ አደረገ፤ አልማዝ ጠንካራ ነው ማለት ሌሎች ብዙ ነገሮች አይጭሩትም ማለት ነው። ዊልያም ጄምስ በ1907 ባሳተመው «ፕራግማቲዝም» በተሰኘው መጽሐፉ፥ ትርጉምን በእያንዳንዱ ሰው ላይ ወደሚደርሰው የተለየ ገጠመኝ አቀረበው።

በአሰላ ዙሪያና በመላው የአርሲ ደጋ የሚታወቀው የሲንቄ ሥርዓት ይህን ትምህርት ለመመዘን ይረዳል። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭንና ቀጥ ያለች በትር ናት። ባለትዳር ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ከቆሙ ጠቡ እንዲበርድ ልማዱ ያዛል። ባል ሚስቱን፥ ይልቁንም አራስ ሳለች፥ ቢበድል፥ ሴቶቹ እሪ ብለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሳውንና ዕርቁን እስኪፈጽምም ወደየቤታቸው አይመለሱም። በትሪቱን በእንጨትነቷ ብቻ የመረመረ ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያገኝም። እስከዚህ ድረስ የፐርስ መመሪያ ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ፥ አንዲት ሴት ሲንቄዋን አንድ ቀን እንኳ ለአቤቱታ ሳታነሣ ዕድሜዋን ልትፈጽም ትችላለች። ትርጉም በደረሰ ገጠመኝ ብቻ የሚገኝ ቢሆን፥ የእርሷ ሲንቄ ባዶ እንጨት በሆነች ነበር። ነገር ግን በትሪቱ ከቤት ሳትወጣም ትሠራለች፤ ብትወጣ የሚከተለውን የሚያውቅ ባል እጁን ይሰበስባልና።

ፐርስ ራሱ ይህን ችግር አይቶታል። በ1878 ጽሑፉ፥ በጥጥ ውስጥ ተፈጥሮ ሳይፈተን የተቃጠለ አልማዝ ለስላሳ ነበር ቢባል ሐሰት እንዳልሆነ ተናግሮ ነበር። በ1905 ግን ይህን አሳቡን ነቅፎ፥ ጥንካሬ የሚባለው አልማዙ ቢፈተን ኖሮ የሚታይበት ጠባይ ጭምር መሆኑን ገለጸ። ስለዚህ ለሲንቄ የሚስማማው የጄምስ ገጠመኝ ሳይሆን የኋለኛው የፐርስ አስተያየት ነው።

ከዚህም ለባህል አጥኚ የሚተርፍ ትምህርት አለ። በዓይኑ ያየውን ድርጊት ብቻ የሚጽፍ ሰው፥ ሥርዓቱ ሳይደርስ የከለከለውን በደል አይመዘግብም። እንዲህ ቢሆን ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱም ቢሆን ጸንቶ የሚቆየው እሪታውን ሰምተው የሚወጡ ጎረቤቶች እስካሉ ድረስ ነው። እነርሱ በሌሉበት፥ በመስታወት ውስጥ በክብር የተቀመጠች ሲንቄ እንጨቷ እንጂ ትርጉሟ አልተጠበቀም።