መረግድና ፔሪዶት
መረግድና ፔሪዶት ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ የቀለማቸው ምንጭ ግን ለየቅል ነው። መረግድ ቤሪል ከተባለው ማዕድን ወገን ነው። ንጹሕ ቤሪል ቀለም የለውም፤ ያን ጥልቅ አረንጓዴ የሚሰጠው በጥቂቱ የተቀላቀለበት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ነው። ያ ቅንጣት ባይኖር መረግድ የሚባል ዕንቍ ባልኖረ ነበር። የፔሪዶት ቀለም የሚመጣው ግን የራሱ የሥሪቱ ክፍል ከሆነው ብረት ነው፤ ስለዚህም ወደ ቢጫ ያደላል።

መረግድ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ7.5 እስከ 8 ቢደርስም፣ ውስጡ ብዙውን ጊዜ በስንጥቅ የተሞላ በመሆኑ ምት አይችልም። የቆራጮች ብልሃት የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው፤ አራቱን ማዕዘኖች ቀንሰው ስምንት ጎን ያወጡለታል፣ ጫፉም ከመሰበር ይድናል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ በዘይት ስለሚሞላ በሙቅ ውኃ ማጠብ አይመከርም።

ፔሪዶት ከ6.5 እስከ 7 ነው፤ ከቀለበት ይልቅ ለጆሮ ጌጥና ለሐብል ይስማማል። ብርሃንን ለሁለት ስለሚከፍል በማጉያ መነጽር ሲታይ የጀርባው ጠርዞች ድርብ ሆነው ይታያሉ፤ ከአስመሳይ ብርጭቆ የሚለይበት አስተማማኝ ምልክት ይህ ነው። ከምድር ጥልቅ በእሳተ ገሞራ ይወጣል፤ ከሰማይ በወደቁ አንዳንድ ድንጋዮች ውስጥም ተገኝቷል። በቀይ ባሕር ላይ ያለችው የግብጿ ዘበርገድ ደሴት በጥንት ዘመን የታወቀች ምንጩ ነበረች።

የኢትዮጵያ መረግድ በጉጂ፣ በሻኪሶ አካባቢ ይወጣል፤ ከፊሉም ዘይት ሳይነካው ለገበያ የሚበቃ ጥራት አለው።