ቃል አቀባይዋና የተዘጋው በር

ዲሴምበር 1991፣ ዋሽንግተን፣ የእስራኤልና የአረቦች የሰላም ድርድር። እስራኤል ፍልስጤማውያኑን ከዮርዳኖስ ልዑካን ለይቼ አላነጋግርም በማለቷ ተደራዳሪዎቹ የስብሰባ ክፍል እንኳ አልገቡም፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለ አካሄድ ብቻ ሲነታረኩ ቀናት አለፉ። ደጅ ለሚጠብቀው ጋዜጠኛ የሚናገሩት የፍልስጤም ልዑካን ቃል አቀባይ ሐናን አሽራዊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ግለ ታሪክ፣ «ዚስ ሳይድ ኦፍ ፒስ»፣ ኃይሉ ያለው እንዲህ ያለውን የደጅ ጥናት ዲፕሎማሲ ከውስጥ ማሳየቱ ላይ ነው።

በ1946 ናብሉስ ተወልደው ራማላ ያደጉት የሐኪም ልጅ በ1967ቱ ጦርነት ጊዜ ቤይሩት ተማሪ ነበሩ። አገራቸው ለመመለስ እስከ 1973 መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። በመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት አላቸው፤ ቢርዘይት ዩኒቨርሲቲም አስተምረዋል። ሥነ ጽሑፍ ለድርድር ምን ይፈይዳል የሚል ካለ በ1991 ማድሪድ በተካሄደው የሰላም ጉባኤ ላይ የፍልስጤም ልዑካን መሪ ሐይደር አብደል ሻፊ ያነበቡትን ንግግር ይመልከት፤ በአብዛኛው የአሽራዊ ብዕር ነው። ልመና የለበትም፣ ፉከራም የለበትም።

መጽሐፉ ለአሜሪካ አንባቢ መጻፉ ያስታውቃል፤ ማብራሪያው አንዳንዴ ይበዛል። ይህን ይቅር ማለት ይቻላል። እኔን የከነከነኝ ስለ ኦስሎ ስምምነት የሚናገረው ክፍል ነው። የዓለም ካሜራ እሳቸው ላይ ተደግኖ ሳለ፣ ከ1993 መጀመሪያ አንሥቶ ሌሎች የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት (ፒ.ኤል.ኦ.) ሰዎች ኖርዌይ ውስጥ ከእስራኤል ጋር በምሥጢር ይደራደሩ ነበር። አሽራዊ የስምምነቱን ሰነድ ሲያዩ መደንገጣቸውንና መቆጣታቸውን አይደብቁም፤ የኢየሩሳሌምና የሰፈራ ጉዳይ ለወደፊት መገፋቱን አጥብቀው ይተቻሉ። ግን የገዛ ፊታቸውና አንደበታቸው ለዚያ ምሥጢር መጋረጃ ሆኖ አገልግሎ እንደሆነ በድፍረት አይመረምሩም። ውሳኔው በእጃቸው የነበረው የፒ.ኤል.ኦ. መሪ ያሲር አራፋትም ከሚገባቸው በላይ በለዘበ እጅ ተይዘዋል። ከውሉ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የተጻፈ መጽሐፍ ነውና ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ጉድለቱ ግን ጉድለት ነው።

አሽራዊ በ1996 የፍልስጤም አስተዳደር የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፣ በ1998 ለቀቁ። በ2009 ለፒ.ኤል.ኦ. ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ዲሴምበር 2020 ከኮሚቴው ሲወጡ የፖለቲካ ሥርዓቱ ወጣቶችንና ሴቶችን አሳትፎ መታደስ እንዳለበት በይፋ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ግልጽ ወቀሳ በ1995ቱ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው በጨረፍታ ብቻ ነው።