«አቤት» ከማለት እስከ «ክቡር ፍርድ ቤት»፦ አክብሮታዊ አነጋገር በችሎት

በአማርኛ ሰው ሲጠራ «አቤት» ይላል፤ ሲበደልም «አቤት» ይላል። የመጀመሪያው ለጠሪው የሚሰጥ የትሕትና መልስ ነው፤ ሁለተኛው የፍትሕ ጥሪ ነው። «አቤቱታ» የሚለው የፍርድ ቤት ቃልም የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው። ስለዚህ ባለጉዳይ ገና አፉን ሲከፍት ይከስሳል፤ እግረ መንገዱንም እጅ ይነሳል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ፣ በችሎት የሚነገረው የአክብሮት ቋንቋ ማንን ያከብራል፣ ማንንስ ዝም ያሰኛል የሚል ነው።

የቃል ሥነ ጽሑፋችን አንዱ ዘርፍ የሆነውን የጥንቱን ሙግት «በላ ልበልሃ»ን እናስታውስ። አብዛኛውን ጊዜ የምናደንቀው ቤት አመታቱንና የነገር አካሄዱን ነው። ስሙን ራሱን በሰዋስው ዓይን ያየነው ግን ጥቂት ነን። «ልበልሃ» በሚለው ግሥ መጨረሻ ላይ ያለው ምዕላድ የሁለተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ ተባዕት ነው። «ልበልዎ» አይልም፤ «ልበልሽ»ም አይልም። የዘርፉ መጠሪያ ተሟጋቾቹን በ«አንተ» ፊት ለፊት ያቆማቸዋል፤ የሚያስበውም ወንድ ተሟጋችን ነው። «አንተ» እዚህ ላይ ስድብ አይደለም፤ በጸሎት እግዚአብሔርንም የምንጠራው በ«አንተ» ነው። በሙግት ላይ «አንተ» የእኩያነት ምልክት ነው፤ አክብሮቱ ለዳኛው ይቀመጣል።

የዳኛውም ክብር ቢሆን የራሱ ብቻ አልነበረም። «አፈ ንጉሥ» የሚለው ማዕርግ እንደሚያስረዳው፣ ታላቁ ዳኛ የሚናገረው በሌላ አፍ ሆኖ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መሆናቸው ይታወሳል። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ወረደ። ዛሬ ጠበቃው «ክቡር ፍርድ ቤት» ሲል ክብሩን የሚሰጠው ለቤቱ ነው። ግሡንም ልብ ይሏል፤ «ፍርድ ቤቱ ይፍቀድልኝ» ይባላል እንጂ «ይፍቀዱልኝ» አይባልም። የአክብሮት ምዕላድ ሳይኖር ከፍተኛ አክብሮት ይገለጻል፤ ሰውዬው ከቤቱ ጀርባ ይሰወራል።

በጽሑፍ ክርክር ባለጉዳዮችም እንዲሁ በሚና ይጠራሉ፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ይግባኝ ባይ፣ መልስ ሰጪ። «ተከሳሹ ድርጊቱን ፈጽሟል» ሲባል በዕድሜም በማዕርግም የሚለይ የለም። ይህ አንቱታን መንፈግ ነው ብለው የሚቆጡ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን እኩልነት ነው፤ ባለሥልጣኑም ተሸካሚውም በአንድ ግሥ ይነገርላቸዋልና። ችግሩ ያለው በቃል ክርክሩ ላይ ነው። በዚያ ሚናው ይቀርና ሰውየው ይመጣል፤ አንቱታም እንደ ተናጋሪው ፈቃድ ይታደላል።

አንድ ቀን በአንድ ችሎት ታዳሚ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ምስክሯ በግምት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። ጠያቂው ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ሲሆን፣ ዋናውን ጥያቄ ከመጀመሪያው በ«አንቺ» ጠየቃቸው። እሳቸው በ«ጌታዬ» መለሱ። መልሳቸው «አዎ»፣ «አይ»፣ «እንጃ» ብቻ ነበር። በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ የተነሣው የተቃራኒ ወገን ጠበቃ «እማማ፣ እስኪ ያዩትን ያጫውቱን» አላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ነገሩን ከሥሩ ጀምረው ተረኩት። ጠበቃው ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ትረካቸው ለደንበኛው ጠቅሞታል። ዳሩ ግን በመዝገቡ ላይ «ምስክሯ አጥጋቢ መልስ አልሰጡም» ወይም «በዝርዝር አስረድተዋል» ተብሎ የሚጻፈው በአንዲት ተውላጠ ስም ሊወሰን እንደሚችል በዓይኔ አየሁ። «እማማ» እንደ ማባበያ ሊያገለግል መቻሉም ሌላው ትምህርት ነው።

ጉዳዩ አስተርጓሚ ሲገባበት ይከብዳል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ የማስተርጎም መብት ይሰጣል። የኦሮምኛው «ኢሲን» ብዙዎችንም አንድ የተከበረን ሰውም ይጠራል። አስተርጓሚው «እናንተ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መምረጥ አለበት። «እናንተ» ካለ አንድ ሰው የተጠየቀው ነገር ለብዙ ሰዎች የተጠየቀ ይመስላል።

ወደ ሙያችን እንመለስ። ሐዲስ ዓለማየሁ ለልቦለዳቸው «ወንጀለኛው ዳኛ» የሚል ርእስ ሲሰጡ፣ «አንተ» የሚባለውንና «እርስዎ» የሚባለውን በአንድ ሰው ላይ አሳድረዋል። የርእሱ ኃይል ከዚህ ግጭት ይመነጫል። በተማሪዎቻችን ድርሰቶች የማነባቸው የችሎት ትዕይንቶች ግን አብዛኞቹ ይህን ጆሮ ይጎድላቸዋል፤ ዳኛውም ምስክሩም ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። ማን ማንን «አንቺ» እንዳለ፣ መቼ ወደ «እርስዎ» እንደተሻገረ ያልሰማ ደራሲ የችሎቱን ወንበር እንጂ ችሎቱን አልጻፈም። ሐያሲውም ምልልስ ሲመረምር ከግሡ መጨረሻ ቢጀምር፣ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ማን እንደተረታ ብዙ ጊዜ ከዚያው ያገኘዋል።