የሲኒ እጥበት

የካፋ ቡና ስሙ በዓለም የናኘ ነው፤ ጫካውንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር መዝገቡ አስፍሮታል። እኔ ማመስገን የምፈልገው ግን ከቡናው ጎን ያለውን፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ሥራ ነው።

በካፋዋ ቦንጋ ከተማ ቡና የምታፈላ ሴት ውሃ የያዙ ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች አጠገቧ ታኖራለች። አቦል ተጠጥቶ ሲኒዎቹ ሲመለሱ አተላውን ደፍታ በአንደኛው ውሃ ታሻቸዋለች፤ ከንፈር የነካውን ጠርዝ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛ ዙሪያውን ታዞረዋለች። በሌላኛው አለቅልቃ ረከቦቱ ላይ ትደፋቸዋለች። ቶናው እስኪፈላ ሥራው አልቋል። ሲኒውን ሁሉ በሁለት ሳህን ውሃ ብቻ ማጠብ፣ ውሃ በጀሪካን ተሸክመው ለሚያመጡ ቤቶች ቀላል ቁጠባ አይደለም።

የትኛው ዕቃ እንዴት ይታጠብ የሚለውንም በደንብ ታውቃለች። ቡና ብቻ ለነካው ሲኒ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። የወጥ ድስት ሙቅ ውሃና ሳሙና ይፈልጋል፤ የደረቀበት ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ መዘፍዘፍ አለበት። ጀበናን ሳሙና አታስነካውም፤ ሸክላ ሽታ ስለሚመጥ የሚቀጥለው ቡና ሳሙና ሳሙና ይላል።

የማለቅለቂያውን ውሃ ለቶና የሚቀይሩ ቤቶችን ደግሞ አብልጬ አደንቃለሁ፤ በተለይ እንግዳ በበዛበት ዕለት። ቡናቸው እስከ በረካ ድረስ ጣዕሙ ንጹሕ ነው።