63፦ የአንድ ቁጥር አወላለድ

ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት፣ የአገሮችን ሀብት ከአይኪው ጋር በሚያዛምደው መጽሐፍ ውስጥ ከኢትዮጵያ ስም ጎን 63 የሚል ቁጥር ሰፍሯል። መነሻው 100 የተባለው የብሪታንያ አማካይ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን ለመጠርጠር ባለሙያዎች በልማድ የሚይዙት ወሰን 70 አካባቢ ስለሆነ፣ በተለመደው የስርጭት ስሌት ከሦስት ኢትዮጵያውያን ሁለቱ ከዚያ በታች ይወድቃሉ ማለት ነው። ያ ሁሉ አራሽ፣ ነጋዴ፣ አስታራቂ ሽማግሌና የቅኔ ተማሪ! እንዲህ ያለ ውጤት ሲወጣ አስቀድሞ መመርመር የነበረበት ፈተናው ነው። ደራሲዎቹ ግን የጠረጠሩት ተፈታኙን ነው።

ቁጥሩ የተገኘው ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም። ምንጩ ሽሎሞ ካኒኤልና ሽራጋ ፊሸርማን በ1991 ያሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ የተፈተኑት ወደ እስራኤል የገቡ 250 የቤተ እስራኤል ታዳጊዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው 14 እና 15። በ1980ዎቹ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ተነስተው በእግር ሱዳን የደረሱ፣ በየመንገዱና በየስደተኛ ጣቢያው ዘመድ የቀበሩ ነበሩ።

ፈተናው የሬቨን ማትሪክስ ይባላል። ቃል የለበትም፤ «ከባህል ነፃ» ያሰኘውም ይኸው ነው። ከበድ ከሚሉት ገጾች አንዱን እንግለጥ። ሳጥኖች በሦስት ረድፍ፣ በሦስት ዓምድ ተደርድረዋል። ከግራ ወደ ቀኝ መስመሩ ይጨምራል፣ ከላይ ወደ ታች ቅርጹ ይለወጣል፤ በቀኝ በኩል ግርጌ ላይ ያለው ሳጥን ባዶ ነው። ከሥሩ ቁጥር የተሰጣቸው ስምንት አማራጮች አሉ፤ ልጁ አንዱን ይመርጣል። ገጹ ቃል አይኑረው እንጂ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰንጠረዥ በረድፍም በዓምድም እንደሚነበብ፣ ከስምንቱ ሰባቱ ለማሳሳት እንደገቡ፣ ትልቅ ሰው ሳይጠይቁ ለብቻ ዝም ብሎ መሥራት እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያስለምደው ትምህርት ቤት ነው፤ ያውም ማስተማሩን ሳያውቀው። የማባዣ ሰንጠረዥ የሸመደደ ልጅ ረድፍና ዓምድን አብሮ ለምዷል። ከብት ሲጠብቅ ላደገ ልጅ ግን ገጹ ራሱ እንግዳ ነው።

የታዳጊዎቹ ውጤት የ9 እና የ10 ዓመት እስራኤላውያን ልጆች ካመጡት ጋር ተቀራረበ። ሊን የወሰደው ይህን ብቻ ነው። አጥኚዎቹ ግን ስህተቶቹንም ተመልክተው የአሳሳታቸው ዓይነት ከእነዚያ ልጆች ጋር እንደሚመሳሰል አገኙ፤ ስለዚህም የታየው መዘግየት እንጂ የተለየ አእምሮ አይደለም ብለው ደመደሙ። ጹሪኤልና ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጡ ትንንሽ ተማሪዎችን ፈትነው፣ የጥያቄውን አሠራር አስተምረው፣ ደግመው ሲፈትኗቸው ከእስራኤል ተወላጆች ጋር የነበራቸው ክፍተት ጠበበ። በአጭር ትምህርት የሚጠብን ክፍተት ለዘረ መል መስጠት ድፍረት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የመንትዮች ጥናት መነሳቱ አይቀርም። ጥናቱ የሚናቅ አይደለም፤ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ በሰውና በሰው መካከል ላለው የአይኪው ልዩነት ዘረ መል ጉልህ ድርሻ አለው። ስህተቱ ከዚያ ተነስቶ ወደ ቡድኖች መዝለሉ ላይ ነው። የዘረ መል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1970 ይህንኑ ዝላይ ለዘለለው ለአርተር ጄንሰን መልስ ሲሰጥ ነገሩን በእህል አስረድቶታል፤ በእኛ ማሳ እንየው። ከአንድ ጆንያ የተዘገነ ጤፍ ግማሹ መረሬ ላይ፣ ግማሹ ጭንጫ ላይ ይዘራ። የየማሳው አፈር ወጥ ከሆነ፣ እዚያው ማሳ ውስጥ አንዱ ከሌላው የሚረዝመው በዘሩ ነው። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው የአማካይ ልዩነት ግን የአፈሩ ነው። ከጤፍ ወደ ሰው ስንመለስ፣ ተመራማሪው ጄምስ ፍሊን እንዳሳየው፣ የኔዘርላንድ ወጣት ምልምሎች በሬቨን ዓይነት ፈተና ያመጡት ውጤት ከ1952 እስከ 1982 ድረስ በ20 ነጥብ ገደማ አድጓል። በ30 ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ዘረ መል ይህን ያህል አይለወጥም።

እስካሁን ያልኩትን አንባቢ በደስታ ይቀበለዋል ብዬ እገምታለሁ፤ 63 ስድብ ነውና። ይኸው አመክንዮ ሙገሳ ሆኖ ሲመጣስ? ሯጮቻችን የሚያሸንፉት «በደማቸው ስላለ ነው» ሲባል ማን ተቃወመ? የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ያኒስ ፒትሲላዲስ የተሳተፈበት የ2003 ጥናት እንደሚያሳየው፣ የብሔራዊ ቡድኑ ማራቶን ሯጮች በብዛት ከአርሲና ከሸዋ የወጡ ሲሆን፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በሩጫ ነበር። በ2005 ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዘረ መል ሲመረመር አትሌቶቹ ከሌላው ኢትዮጵያዊ የተለዩ ሆነው አልተገኙም። ይህ ሌላውን ዘረ መል ሁሉ ነፃ አያወጣም። ይሁንና ብዙ ሯጮች ያፈራችውን የአርሲዋን ከተማ ቦቆጂን ለመረዳት ከፍታዋን፣ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን፣ ደራርቱን አይቶ መሮጥ የጀመረውን ልጅ መቁጠር ግድ ነው። እግራችንን በዘር ሲያመሰግኑልን ፈገግ ብለን፣ ጭንቅላታችንን በዘር ሲሰድቡብን መቆጣት አያዋጣም።

ሰውን በዘሩ መፍረድ ለእኛም ባዕድ አይደለም። «ዘር ከልጓም ይስባል» የምንል ሰዎች ነን። እነዚያው ቤተ እስራኤል በአገራቸው ሳሉ ብረት ስለሚቀጠቅጡና ሸክላ ስለሚሠሩ «ቡዳ» ይባሉ ነበር፤ ቡዳነቱም ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል ተብሎ ይታመን ነበር። ሊን ቁጥር ጨመረበት እንጂ በፍርዱ እኛ ቀድመነዋል።

በየዩኒቨርሲቲው ሥነ ልቦና የምታስተምሩ መምህራን፣ «የአገሮች አይኪው» ሰንጠረዥ በክፍላችሁ ሲነሳ የ1991ን ጥናት አብራችሁ አስነብቡ፤ ተማሪዎቹ ማን፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደተፈተነ ራሳቸው ይዩት።